ከምርጫው በኋላ

ሂልዳ ኦርመሮድ ወረቀቱን ስታየው ክው ብላ ቀረች።

ቆጠራው አርብ ጠዋት በከተማው አዳራሽ ነበር። የሂልዳ ፓርቲ፣ ቀዮቹ፣ ሰማያዊዎቹን በአንዲት ድምፅ ብቻ ይመራል። የቀረው ይህ አጠራጣሪ ወረቀት ነው፤ እንደ ደንቡ የሁለቱም ወገን ወኪሎች ከበው ሊያዩት ቀረበ። በሰማያዊው ዕጩ ስም ፊት ጥርት ያለ የኤክስ ምልክት አለ። ከሥሩ ግን በእርሳስ «ከምርጫው በኋላ?» ተብሎ ተጽፏል።

ጉድ ፈላ! የሰማያዊዎቹ ወኪል ክሊፎርድ «አግቢኝ» ባላት ቁጥር፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በድብቅ የምትመልስለት ይህንኑ ነበር። ምን ታድርግ? በአሥራ ስድስት ዓመቷ ፖስታ በምላሷ እያሸገች ፓርቲው ቤት ገብታ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቷ ለወኪልነት የበቃች ሴት ናት። ከባላንጣ ጋር መዋደዷ ቢሰማ አንዲት ቀን አያሳድሯትም።

«የምን እብድ ነው ይሄ?» አሉ አስመራጩ ሚስተር ግሪንሃል መነጽራቸውን እያወለቁ። «ማን እንደጻፈው የሚያውቅ አለ? ድምፅ ምስጢር ነውና ጸሐፊው ከታወቀ ይሰረዛል። ካልታወቀ ድምፅ ነው፤ እኩል ትሆኑና በዕጣ ትለያላችሁ።»

ሂልዳ ቀና ብላ ክሊፎርድን አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል። እሷ እንድታየው ብሎ ሲጽፍ፣ ምርጫው በአንድ ድምፅ ይንጠለጠላል ብሎ መች አሰበና!

«ሂልዳ፣ ምን ዘጋሽ?» አሏት የቀዮቹ ሊቀመንበር በክርናቸው ጎሸም አድርገው። «አንድ ነገር በይ እንጂ!»

ዝም ብትል ምስጢሯ ይጠበቃል፤ ድሉ ግን ለዕጣ ይዳረጋል። ብትናገር ፓርቲዋ ያሸንፋል፤ የሁለቱ እንጀራ ግን አለቀለት። ክሊፎርድ ከወዲያ ማዶ ራሱን በቀስታ ወዘወዘ፣ «ተይው፣ ራስሽን አድኚ» እንደ ማለት። ያኔ አንጀቷን በላት።

«እሺ» አለች ጮክ ብላ።

«ምኑን ነው እሺ?» አሉ ሚስተር ግሪንሃል።

«አገባዋለሁ። የጻፈው ክሊፎርድ ነው፤ የጠየቀውም እኔን ነው።»

የሊቀመንበሩ ሻይ ሱሪያቸው ላይ ተደፋ።

«አንቺ? ከሰማያዊ ጋር? አንቺ ሂልዳ?»

ወረቀቱ ተሰረዘ። ቀዮቹ በአንዲት ድምፅ አሸነፉ፤ ከምሳ በፊትም ሂልዳን አባረሯት። ሰማያዊዎቹም ለክሊፎርድ አልራሩለትም።

አዳራሹ ደጃፍ፣ ካፊያው ውስጥ ቆሞ አገኘችው።

«የገዛ ድምፄን አሰረዝሽብኝ እኮ» አላት፣ ድንጋጤው ገና ሳይለቀው።

የፓርቲዋን ቀይ ሪባን ከደረቷ ነቅላ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

«ከምርጫው በኋላ ብዬህ አልነበር?» አለችው እንባዋ እየወረደ። «ይኸው፣ ምርጫው አለቀ።»