ቢጫ ሻሽ ያሰረችው ሴት

ሰበታ ውስጥ፣ ከአሮጌው የባህል አዳራሽ ሥር፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የሥዕል ማሳያ ነበር። መግቢያው በነፃ ነው። ያኔት እዚያ በአስጎብኚነት ትሠራ ነበር። ተማሪዎች ተሰልፈው ይገቡና እየተገፋፉ ይወጣሉ። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ ይመጣሉ። ፀሐይ የጠናባቸው አዛውንቶች አግዳሚው ላይ ዐረፍ ብለው «ፈረሱስ ደህና ነው፣ እግሩን ግን አቀጠነው» ተባብለው ይሄዳሉ። ብዙው ጎብኚ ቀለሙን በጣቱ መንካት ያምረዋል። የያኔት ዋና ሥራ እሱን መከልከል ነበር።

ዲሪባንም ያወቀችው ሊነካ ሲል ነው።

ለመስኮቶቹ ብረት ሊገጥም ከመንገዱ ማዶ ካለው ብየዳ ቤት የመጣ ወጣት ነበር። መሣሪያውን መሬት ላይ ትቶ አንድ ሥዕል ፊት ቆሟል፤ እጁ ወደ ሸራው እየሄደ ነው።

«ወንድም፣ አይነካም» አለችው።

እጁን ሰበሰበ። ዞር ሲል ዓይኖቹ ቀልተው እንባ አቅርረዋል።

«ይቅርታ» አለ። «የብየዳው ብርሃን ነው።»

አመነችው። ነገር ግን የመስኮቱ ሥራ ካለቀም በኋላ ይመጣ ጀመር። ምሳ ሰዓት ላይ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቀይሮ ይገባና እዚያው ሥዕል ፊት ይቆማል። «የተፍኪ ገበያ» ይላል ርዕሱ። ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት ሕፃን አዝላ፣ ፊቷን መለስ አድርጋ ትታያለች።

«ሌሎቹን አታይም እንዴ?» አለችው አንድ ቀን።

«እናቴ ናት» አላት።

እናቱ የሞተችው ገና በሕፃንነቱ ነው። ቤተሰቦቹ ተፍኪ አጠገብ ያሉ ገበሬዎች ናቸው፤ ፎቶ የሚያነሣ ሰው በደጃቸው አልፎ አያውቅም። ከእሷ የቀረው ትዝታ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጉንጩን ተደግፎ ይተኛበት የነበረ ቢጫ ሻሽ። አባቱ፣ ኦቦ ባጫ፣ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ስሟን በአፋቸው ጠርተው አያውቁም። ሁለተኛም አላገቡም። ልጁ ሲጠይቃቸው ተነሥተው ወደ ከብቶቹ ይሄዱ ነበር።

«ፊቷን አላውቀውም ነበር» አለ ዲሪባ። «ሰው እናቱን በመንገድ ቢያገኛት አለማወቁ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? እና መስኮት ልበይድ መጥቼ...»

 ያኔት ወንበሯን አምጥታ ሥዕሉ ፊት አስቀመጠችለት። ለማንም ጎብኚ አድርጋ የማታውቀውን ነው ያደረገችው።

ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት የሁለቱ ሆነ። ምግብ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ደረጃው ላይ ተቀምጠው የተጠበሰ በቆሎ ይካፈላሉ። ስለ ሥዕሎቹ ትነግረዋለች፤ እሱ ብረት እንዴት ሳይሰበር እንደሚታጠፍ ይነግራታል። እሷ ስታወራ አፏን ሳይሆን ዓይኗን ነው የሚያየው።  አንዴ ዝናብ ይዟቸው በሩ ሥር ሲቆሙ፣ «እናቴን ባላገኛት አንቺንም አላገኝሽም ነበር» አላት። ያን ዕለት ያኔት ቤቷ የደረሰችው በየት በኩል እንደሄደች ሳታውቀው ነው።

ፍቅር ሲይዝ ስጦታ ያስመኛል። ያኔትም ለዲሪባ ማንም የማይሰጠውን ልትሰጠው አሰበች። ሠዓሊው ጋሽ ወንዳፍራሽ በሕይወት አሉ፤ ሱሉልታ ይኖራሉ። ያቺን ሴት በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ምን ስትል፣ እንዴት ስትስቅ እንደነበር ጠይቃ ልትነግረው ለእሱ ሳትነግር ሄደች።

የሱሉልታ ነፋስ ዐጥንት ይሰብራል። ሽማግሌው በዘይት ቀለም የሸተተች ክፍላቸው ውስጥ ሻይ ቀዱላት።

«የተፍኪ ገበያ?» ብለው ሳቁ። «ርዕሱን ያወጣው መጀመሪያ ያሳየልኝ ሰው ነው። ተፍኪን እኔ በመኪና ነው ያለፍኩት።»

«ሴትዮዋስ ጋሼ?»

«አትክልት ናት፤ የጎረቤቴ እህት። በረንዳዬ ላይ አቁሜ ነው የሣልኳት። አሁን ልጆቿን ድራ ሐዋሳ ነው ያለችው። ባለፈው ደውላልኝ ነበር።»

ያኔት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ያዘለችውስ ልጅ?»

«እሱን እኔ ጨመርኩት። ጀርባዋ ባዶ ሲሆን አላምር አለኝ።»

በመልሱ ጉዞ ከጎኗ የተቀመጠች ሴት «አሞሻል እንዴ እናቴ?» ብላ ጠየቀቻት። አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እንደምንም ዛሬውኑ ልነግረው ይገባል እያለች ሰበታ ስትወርድ ዲሪባ ብየዳ ቤቱ በር ላይ ነበር። ገና ሲያያት ሮጦ መጣ።

«የት ጠፋሽ? አባቴ ሊመጣ ነው!»

ኦቦ ባጫ ታመው ነበር። ሐኪሞቹ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ዕጢ አይተው፣ ቤታቸው ወስዳችሁ አስታምሟቸው ብለዋል። ዲሪባ ስለ ሥዕሉ ሲነግራቸው ግን ሽማግሌው ከአልጋቸው ቀና ብለው «ውሰደኝ» አሉት።

«ሳይሞት ያያታል» አለ ዲሪባ። እጇን ያዘ። ከዚያ በፊት ይዟት አያውቅም። «ያኔት፣ ሳይሞት ያያታል።»

የእጁን ሻካራነት፣ የዓይኑን ብርሃን አየች። ልትነግረው አልደፈረችም። ነገ አለች። ነገም ነገ አለች። ሌሊቱን ጣራ ጣራ እያየች ታነጋለች፤ ቀን ሥዕሉ ፊት ስታልፍ አንገቷን ትደፋለች። ብትነግረው እናቱን ዳግመኛ ትገድልበታለች፤ ባትነግረው የሚሞት ሰው ታታልላለች። መውጫ አጣች።

እሑድ ቀን ኦቦ ባጫ መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ሲገቡ ጎብኚዎቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ሥዕሉ ፊት ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ለረጅም ጊዜ አዩት። ዲሪባ ሥዕሉን አላየም፤ የአባቱን ፊት ነበር የሚያየው። ያኔት ግድግዳውን ተደግፋ፣ አምላኬ ሆይ፣ አይደለችም አይበሉ፣ አይበሉ ትላለች።

«ኢሼዻ» አሉ ሽማግሌው። እሷ ናት ማለታቸው ነው።

ዲሪባ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ፣ ጉልበታቸውን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ራሱን ዳሰሱለት። ትንሽ ቆይተው ባጃጅ እንዲጠራ ላኩት። በሩን ሲወጣ ወደ ያኔት ዞሩ።

«ስለ አንቺ ነግሮኛል፤ ያኔት ነሽ» አሏት በአማርኛ። «የኔዋ ጠይም ነበረች። አንገቷ ላይ ንቅሳት ነበራት። ይቺን ሴት አላውቃትም።»

ያኔት አፏን በእጇ ከደነች።

«አንቺም ታውቂያለሽ። ፊትሽ ይናገራል።»

«አባባ፣ ልነግረው ፈልጌ...»

«ተይ። እናቱን እኔ ነኝ የነሳሁት። ስሟን ስጠራ ልቤ የሚፈነዳ እየመሰለኝ ዝም አልኩበት። ዛሬ እንኳ ደስ ይበለው። እውነቱን የሚሰማ ከሆነ ከኔ አፍ ይስማ። ቃል ግቢልኝ።»

ገባችላቸው።

የእነዚህ ሥዕሎች ዐውደ ርዕይ የሚዘጋበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ በሰው ሞላ፤ ጋሽ ወንዳፍራሽም ተጋብዘው መጡ። ያኔት በር ላይ ጠብቃ፣ ስለዚያች ሥዕል ምንም እንዳይናገሩ ልትለምናቸው ነበር፤ ነገር ግን ከአለቆቿ ጋር በሌላ በር ገቡ። ዲሪባ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከፊት ቆሟል።

ሠዓሊው ማይክ ይዘው ከሥዕል ወደ ሥዕል ሄዱ። «ይቺ ደግሞ አትክልት ትባላለች» አሉ። «ገበያውም ገበያ አይደለም፣ የቤቴ በረንዳ ነው። ሕፃኑም ከሐሳቤ የወጣ ነው።» ሰው ሳቀ። «ይቺ አስጎብኚ ልጅ ያን ጊዜ ሱሉልታ ድረስ መጥታ ስትጠይቀኝ ነግሬያታለሁ፤ ለእናንተም ሳትነግራችሁ አልቀረችም።»

ሰው አጨበጨበ። ዲሪባ አላጨበጨበም። እየተጋፋ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«አባቴ ከመምጣቱ በፊት?»

«አዎ።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። «የሚሞት ሽማግሌ አምጥቼ የሰው ሚስት ፊት ሳቆመው እያየሽ ዝም አልሽ።»

ብሎ ሄደ። በማግስቱ ብየዳ ቤቱ ተዘግቶ ይሆን ብላ ስታይ ክፍት ነው፤ እሱ ግን የለም። የብየዳ ቤቱ ባለቤት ሙአዊያ፣ «ቡራዩ ሥራ አግኝቻለሁ ብሎኝ ሄደ» አላት።

ሥዕሉ ወረደ። ሌሎች ሥዕሎች ተሰቀሉ፣ ሌሎች ጎብኚዎች መጡ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ «ይሄ ምን ለማለት ነው?» ብትላት ርዕሱን ብቻ አነበበችላት።  የመንገዱን ማዶ ላለማየት ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ትቀመጥ ጀመር። በመጨረሻ አላስችል ቢላት ቡራዩ ሄደች።

ከብዙ ጥየቃ በኋላ ብየዳ ቤቱን አገኘችው። ዲሪባ በር እየሠራ ነበር። ሲያያት የብየዳ ጭንብሉን ፊቱ ላይ አወረደ።

«አንድ ነገር ልበልህና እሄዳለሁ።»

 ከጭንብሉ በስተጀርባ ያለው ፊት ይቆጣ ያልቅስ አታውቅም።

አባትህም ያውቃሉ፤ ቃል ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ይህን ብትል ይቅር እንደሚላት ታውቃለች። ግን ለዚህ ሰው ከእንግዲህ የቀሩት አባቱ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ለጥቂት ጊዜ።

«ይቅር በለኝ» ብቻ አለች።

የእሳት ፍንጣሪው ተነሣ። «እህት፣ ብርሃኑን አትይ!» ብሎ አንዱ ሠራተኛ ጮኸባት። ፊቷን አዙራ ወጣች። መንገዱ ላይ እያለቀሰች ስትሄድ የሚያያት ሁሉ ዓይኗን ብየዳ የጎዳው መስሎት ይሆናል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሙአዊያ አዳራሹ ድረስ መጣ። «የዲሪባ አባት ዐረፉ» አላት። «ትናንት ቀበሩ።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተፍኪ ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ ማንም አያውቃትም። ከበሩ አጠገብ፣ ከሴቶቹ ኋላ ቁጭ ብላ በአንድ እሑድ ብቻ ስላወቀቻቸው ሽማግሌ አለቀሰች። ዲሪባ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ከወንዶቹ መሐል አንገቱን ደፍቷል። ሲያያት ፊቱ አልተለወጠም። ትንሽ ቆይታ ተነሣች።

አስፋልቱ ዳር ታክሲ ስትጠብቅ የእግር ኮቴ ሰማች።

«ለምን መጣሽ?» አለ ዲሪባ።

«ለእሳቸው ነው የመጣሁት።»

ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። «ሰበታ! ሰበታ!» አለ ረዳቱ። አልገባችም። ሄደ።

«አባቴ ነገረኝ» አለ። «ሥዕሉን ሲያይ እንዳላወቃት፣ ቃል እንዳስገባሽ። ሁሉንም።»

ያኔት አንገቷን ደፋች።

«ቡራዩ መጥተሽ ፊቴ ቆመሽ ነበር። ያኔ ብትነግሪኝ ይቅር እልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«እኔን ይቅር ብለህ ከእሳቸው ትቀያየም ነበር። እሳቸው ደግሞ ጊዜ አልነበራቸውም።»

 ዲሪባ መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በቀብሩ ቀን እንባ አልወጣውም ብለው ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰምታ ነበር። አሁን ትከሻው ተናወጠ። አጠገቡ ተቀመጠች፤ አልነካችውም።

«ነግሮኝ ከጨረሰ በኋላ ስለ እናቴ ማውራት ጀመረ» አለ። «ማቆም አቃተው። ስሟን እየጠራ ያወራኛል። ንቅሳቷን በጣቱ አንገቴ ላይ እየሣለ አሳየኝ። ስትቆጣ ትስቅ ነበር አለኝ። ሻሿም ቢጫ አልነበረም፤ አረንጓዴ ነበር።» በእንባው መሐል ፈገግ ሊል ሞከረ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ሌላ ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ አያቸውና ምንም ሳይጠራ በሩን ዘጋ።

ዲሪባ ተነሥቶ እጁን ዘረጋላት። ያዘችው። በዝናብ በራሰው የእግር መንገድ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ፤ በሰው ሁሉ ፊት እጇን አልለቀቀም። ወንዶቹ ንግግራቸውን አቆሙ። ከሴቶቹ ፊት የተቀመጡት አክስቱ፣ አዴ ሶያማ፣ ቀና ብለው አዩዋት።

«ኢሼን ኤኙ?» አሉት። ይቺ ማን ናት?

«የኔ ናት» አላቸው በቋንቋቸው። «አባቴም ያውቃታል።»

አዴ ሶያማ ለአፍታ ሁለቱንም መረመሩ። ከዚያ የቀሚሳቸውን ጠርዝ ሰብስበው፣ ከጎናቸው ያለችውን ሴት በክንዳቸው ገፋ አድርገው ምንጣፉ ላይ ቦታ ከፈቱ።

«ታኢ፣ ልጄ» አሉ። «ተቀመጪ።»

ያኔት ተቀመጠች። ከበር አዲስ ለቀስተኛ ሲገባ ሴቶቹ ድምፃቸውን አነሡ፤ እሷም አብራቸው አነሣች።