የኦግኒያን ሁለት ንጉሦች

ራሊጻ በቡልጋሪያዋ የሩሴ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እሑድ ከሰዓት ግን ከጡረተኛው የሒሳብ መምህር ከጋሼ ስታሜን የፖከር ክበብ ቀርታ አታውቅም። የሚገርመው፣ ሁልጊዜ ከጨዋታ የምትወድቀው ሽልማት ከሚደርሳቸው ተርታ ለመግባት ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ሲቀራት ነው። ጥሩ ካርታ እስኪመጣላት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። በየዙሩ በግዴታ የሚወጣው፣ በገንዘብ ፈንታ የሚወራረዱበት ጠጠር ደግሞ እየጨመረ ይሄዳል፤ ያ የተጠበቀው ካርታ ሲመጣ ፊቷ የቀረው ጠጠር ማንንም አያስፈራም።

አንድ እሑድ እንዲሁ ወድቃ ስትወጣ፣ ከእሷ ቀድሞ የወደቀ አንድ ረጅም ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ ሲፈለፍል አገኘችው።

«አንቺ ካርታ ስትጠብቂ ነው የሞትሽው» አላት።

«አንተ ደግሞ ሳትጠብቅ! ያውም በአራተኛው ዙር!»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። ራሊጻ የተቆለፈ ኮቷን ፈትታ እንደገና ቆለፈችው።

ልጁ ኦግኒያን ይባላል፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄደው አውቶቡስ፣ የትሮሊባስ ሾፌር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ከሥራ ስትወጣ፣ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ በቆመው ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ካርታ ዘርግተው ያጠኑ ጀመር። እሱ ድፍረት አስተማራት። «ሽልማቱ ሲቃረብ ሁሉም መውደቅ ይፈራል። መግፋት ያለብሽ ያኔ ነው። ካርታሽን ብቻ አትይ፣ የሰዎቹን ፍርሃት እይ» ይላታል። እሷም እያንዳንዱን ጨዋታ በደብተር እየመዘገበች፣ «እዚህ ላይ ምን አስቸኮለህ? ቤትህ እሳት ተነሳ?» እያለች ታሾፍበታለች።

አንድ ነገር ግን ደበቀችው። ኦግኒያን የማይረባ ካርታ ይዞ ጥሩ የያዘ ሲያስመስል፣ ሱፍ መፈልፈሉን ያቆማል።

አምስት ወር እንዲህ አለፈ። የክበቡ የፀደይ ውድድር አሸናፊ ቫርና ከተማ በሚካሄደው ትልቅ ውድድር ላይ አንድ ወንበር ያገኛል። ራሊጻ ያቺን ወንበር አራት ዓመት ተመኝታለች፤ ወንድሞቿ «ቁማርተኛዋ ፋርማሲስት» እያሉ ሲስቁባት ኖረዋል። የውድድሩ ዕለት አርባ ሰው ተቀመጠ። ሽልማቱ ሲቃረብ ራሊጻ እንደተማረችው ገፋች፣ ኦግኒያን እንደተማረው ታገሠ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ብቻ ፊት ለፊት ቀሩ።

ራሊጻ የማይረባ ካርታ ይዛ ያላትን ጠጠር ሁሉ መሐል ላይ ገፋችው። ኦግኒያን ረጅም ጊዜ አያት። ቀስ ብሎ ካርታውን ደፍቶ ጣለ።

ሞኙ ልጅ ከዚህ ደረጃ ደርሶ ስለማያውቅ የክበቡን ደንብ አልሰማም ነበር። ሁለት ሰው ሲቀር ጋሼ ስታሜን፣ ሌላው እንዲማርበት ብለው የተጣለውን ካርታ ገልብጠው ያሳያሉ። ገለበጡት። ሁለት ንጉሥ፣ ማንም የማይጥለው ጠንካራ ካርታ።

አዳራሹ አጉረመረመ።

«ሁለት ንጉሥ ይዘህ ጣልክ?» አለች ራሊጻ።

«ቫርናን ምን ያህል እንደምትፈልጊ ስለማውቅ ነው» አለ በሹክሹክታ።

«እኔ ማሸነፍ ነው የፈለግኩት! ምጽዋት ለመንኩህ?»

«ልጄ» አሉት ጋሼ ስታሜን መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ብትደግማት በመስኮት ነው የማስወጣህ።»

ራሊጻ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ እሱ ጠጋ አለች። «ስትዋሽ ሱፍ መፈልፈል ትተዋለህ። እስከ ዛሬ ደብቄህ ነበር። አሁን እኩል ነን። በል ተጫወት!»

ኦግኒያን እስከ ጆሮው ቀላ። የሱፍ ከረጢቱን ለጋሼ ስታሜን አስረከበና መጫወት ጀመረ፤ ደህና አድርጎ፣ ያለ ርኅራኄ። ራሊጻ ፈራች። ደስም አላት፤ እንዲህ አክብሯት የተጫወተ ሰው አልነበረም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥንድ ሰባት ደረሳት። ኦግኒያን ያለውን ሁሉ ገፋ። ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። የድሮዋ ራሊጻ ብትሆን ጥላ የተሻለ ትጠብቅ ነበር።

«ገብቻለሁ» አለች፣ እሷም ያላትን ሁሉ ገፍታ።

እሱ የያዘው አንድ አስና አንድ ስድስት ነበር። ለሁለቱም መሐል ላይ ከሚገለጡት አምስት ካርታዎች እስከ አራተኛዋ ድረስ ራሊጻ እየመራች ነበር። አምስተኛዋና የመጨረሻዋ አስ ሆና ወጣች፤ ጥንድ አስ ጥንድ ሰባትን ይበልጣልና የቫርናው ወንበር የኦግኒያን ሆነ።

«ውሳኔሽ ልክ ነበር» አሉ ጋሼ ስታሜን ለስለስ ብለው። «ካርታዋ ነች እንቢ ያለችው።»

አለቅሳለሁ ብላ ስትጠብቅ ሳቋ መጣ። ኦግኒያን ግን ዕቃ ሰብሮ እንደተያዘ ሰው ቆሟል። «ራሊ፣ እኔ… እኔ እኮ…»

ጨርሶ እስኪናገር አልጠበቀችም።

«እወድሃለሁ» አለችው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ኦግኒያን እጁን ዘርግቶ ከጋሼ ስታሜን ላይ ከረጢቱን ተቀበለ። አንዲት ፍሬ አውጥቶ፣ ሁሉም እያየው፣ ቀጭ አድርጎ ፈለፈላት።

«እኔም እወድሻለሁ» አለ፣ ሁለተኛዋን ፍሬ እያነሳ።