መርፌው እስኪነሳ

ኢንስፔክተር ተሻለች ኮልፌ ስትደርስ አቶ ኢብራር በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ፣ በመኪናቸው መሪ ላይ እንደተደፉ ነበሩ። የተዘጋውን በር ከፍተው ሞተሩን ያጠፉት ጎረቤቶች ናቸው። ሐኪሙ የገደላቸው ጭስ ነው አለ። ሰፈሩ ግን ከሐኪሙ ቀድሞ ፈርዷል፤ ሱቃቸውን ዘግተው ቤት ከዋሉ ወዲህ ዝምታ ያበዙት ሰው ራሳቸውን ገደሉ ተባለ። ወሬ ማዞሪያው ድረስ ለመሄድ ታክሲ አይጠብቅም።

ተሻለች ዓይኗ ያረፈው ግን ከጎናቸው ባለው ወንበር ላይ፣ በፎጣ በተጠቀለለው ፔርሙስ ላይ ነው።

«አጥሚት ነው፤ ለልጃችን ለፈትያ» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሃፊዛ። «ወልዳ ትናንት ከሆስፒታል ሳንሱሲ ወዳለው ቤቷ ገብታለች። የልጅ ልጁን ሊያይ ነበር የተነሳው። ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ትቶኝ ነው የሄደው?»

ተሻለች ወደ ጋራዡ በር ዞረች። «በሩን ዘግተው ነው ሞተር የሚያሞቁት?»

«ዝናብ ሲሆን ሁሌም እንደዚያው ነው። የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው መርፌ ሳይነሳ መኪና አያንቀሳቅስም። ሲነሳለት ወርዶ በሩን ይከፍታል። ስንቴ ተጨቃጨቅን።»

አስከሬኑ ከተወሰደ በኋላ መኪናዋ ተገፍታ ወጣች። ባለፈው ሳምንት የጠገናት መካኒክ ቀጄላ ተጠራ፤ ጣት እንደሚቀሰርበት ስላወቀ ፊቱ አመድ መስሏል። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ተነሳ፤ የራዲያተሩ ፋንም ወዲያው መጮኽ ጀመረ።

«ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው እኮ» አለች ተሻለች። «ፋኑን ምን አስነሳው?»

«የመኪናዋ ኮምፒውተር የሙቀት ወሬ ከጠፋበት ሞተሩ እንዳይቃጠል ይሰጋል። ስለዚህ ፋኑን አያቆምም» አለ ቀጄላ።

«መርፌውስ?»

«መርፌውማ ከታች አይነሳም።»

«የማስጠንቀቂያው መብራት አልነገራቸውም?»

«እሱ ከዓመት በላይ በርቷል። ማን ያየዋል?»

ተሻለች ኮፈኑን ከፈተች። ሙቀቱን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሴንሰር ሶኬት ተነቅሏል፤ ጫፉም በስስ ወርቅማ ፕላስተር ተጠቅልሏል።

ከሰዓት በኋላ ሃፊዛን፣ ቀጄላንና የፈትያን ባል አነስን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አነስ ጦር ኃይሎች አካባቢ ሞባይል ይጠግናል።

«አቶ ኢብራር ራሳቸውን አልገደሉም» አለች። «ሊሞት የተነሳ ሰው አጥሚቱ እንዳይቀዘቅዝ በፎጣ አይጠቀልልም። መርፌው እስኪነሳ በሩን ሳይከፍቱ እየጠበቁ ነበር። መርፌው እንዳይነሳ ያደረገው ሴንሰሩን የነቀለው ሰው ነው። ቀጄላ ቢሆን ኖሮ ፋኑ ሳምንቱን ሙሉ በጮኸ ነበር። ወይዘሮ ሃፊዛ፣ የፋኑን ጩኸት መጀመሪያ የሰሙት መቼ ነው?»

«ፈትያን ሆስፒታል አድርሶ መኪናችንን ሲመልስ…» ሃፊዛ ሳይጨርሱ ወደ አማቻቸው ዞሩ።

«ያንን ወርቅማ ፕላስተር የሚጠቀሙት ሞባይል ጠጋኞች ናቸው፣ አነስ» አለች ተሻለች ዝግ ብላ።

አነስ እጆቹን አየ። «ምጥ ላይ ነበረች። ማዞሪያው በመኪና ተዘጋግቶ መርፌው ቀይ ገባ፤ ፋኑም እንቢ አለ። ሴንሰሩን ብነቅለው እንደሚዞር አውቅ ነበር። ዞረ፣ ደረስን። ለአባባ እነግራቸዋለሁ ብዬ… ልጁ ተወለደ። ደስታው አስረሳኝ።»

ሃፊዛ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ።

«አልተወኝም» አሉ በመጨረሻ።

ተነስተው ፔርሙሱን አመጡና ለአነስ ዘረጉለት፤ ዓይኑን ግን አላዩም። «አድርስላት። እሱ ሊያደርስላት የነበረ ነው።»

አነስ እጁን ስላልዘረጋ ተሻለች ተቀበለቻቸው። አነስን ጣቢያ ወስዳ ቃሉን መቀበል ነበረባት፤ መጀመሪያ ግን ፔርሙሱን ይዛ ከእሱ ጋር ሳንሱሲ ሄደች። አጥሚቱ ገና ትኩስ ነበር።