የሎሚ ሽታ ያለው በርሜል

ውሸት ነው የሚል ካለ ኮምቦልቻ ይምጣ፣ አሳየዋለሁ። ወላሂ የሆነ ነው።

ባለፈው ሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የምሠራው ለፋብሪካዎች ኬሚካል በሚያቀርብ መጋዘን ነው፤ ጸሐፊ ነኝ።

ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተባለ። እያንዳንዱ ኬሚካል ምንነቱን፣ ጉዳቱንና የመጀመሪያ ዕርዳታውን የሚናገር ወረቀት ከሌለው መጋዘኑ ይታሸጋል።

አንድ ሰማያዊ በርሜል ወረቀት አልነበረውም። ውስጡ ምን እንዳለም የሚያውቅ የለም።

አለቃዬ አብዱልወሀብ ከአፍንጫው አርቆ የማያይ ሰው ነው። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣

"የፈሳሽ ሳሙናውን ወረቀት ገልብጥና ስሙን ቀይር" አለኝ።

"ጉዳት ቢኖረውስ?"

"ወረቀት ላይ ከሌለ የለም!"

ደደብ! እኔ ግን ከሱ እብሳለሁ፤ እያወቅኩ ጻፍኩት።

ቀለም፦ ነጭ። ሽታ፦ የሎሚ። ሕመም አያስከትልም። እጅ ከነካ በውሃ መታጠብ።

በርሜሉ ላይ ለጠፍኩት።

ወዲያው... ሎሚ ሸተተኝ።

ጠዋት ምንም አይሸትም ነበር።

ተቆጣጣሪው በር ላይ ሆኖ አሸተተና "ሳሙና ነው?" ብሎ ፈረመ። ክዳኑን እንኳ አላስከፈተም። ይህም ተማርኩ ይላል!

ዘበኛችን ጋሽ ዓብዱ በርሜሉን ወደ ጥግ ሲገፉ ከክዳኑ ሥር የወጣው ፈሳሽ ቀኝ እጃቸውን ነካ።

ጣቶቻቸው ነጡ... እንደ ኖራ።

"ያምዎታል?" አልኩ በሹክሹክታ።

"አብሽር ልጄ። ምንም አላመመኝም።"

ቧንቧ ከፍተው ታጠቡ። ንጣቱ ወደ አንጓቸው ወጣ።

እየጎተትኩ ደሴ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው ወረቀቱን ነበር። ከበርሜሉ ነቅዬ ያመጣሁትን ሰጠሁት፤ አነበበው።

"ሌላ የለም?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን ብዬ ላክማቸው?"

አፈርኩ።

ተመልሼ ወረቀቱን ቀደድኩት። በማግስቱ... በርሜሉ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። በራሴው እጅ ጽሑፍ።

አብዱልወሀብ በጣቱ እየጠቆመ "ያንተው ጽሑፍ አይደል?" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ያስጠላል፤ ጽሑፌ ግን ይብሳል።

ዛሬ ጠዋትም ጋሽ ዓብዱ፣ ወረቀቱ እንዳዘዘው ሊታጠቡ፣ ቧንቧው ሥር ቆመዋል።

የቀኝ እጅጌያቸው ባዶ ነው፤ እጃቸው ታጥቦ አልቋል።

በግራ እጃቸው ግን ከእጅጌው ፊት ያለውን አየር ያሻሉ... ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት።

ከአየሩ ነጭ ውሃ ይንጠባጠባል።

"አብሽር" አሉኝ ፈገግ ብለው።

የግራ ጣቶቻቸውም ነጥተዋል።