የግራው የፊት ጎማ

ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አምባ ጊዮርጊስ ከቆመችው አሮጌ የጭነት ማኪና አጠገብ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሾፌሩ አብዮት፣ ዘጠኝ ዓመት አብሮት የሠራው ረዳቱ አያ ማሩ እና የማኪናዋ ባለንብረት ልጅ ደመቀ። አብዮት ሻይ ጠጥቶ ብቻውን ወደ ዳባት ተነሣ። ሁለቱ ቀሩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቁልቁለት ላይ የግራው የፊት ጎማ ተነቅሎ ወጣ፤ ማኪናዋ ገደል ገባች፤ አብዮት ሞተ።

ጎማውን ያን ዕለት ጠዋት ጎንደር ላይ የቀየረው ጎሚስታ ዋኘው ወዲያው ታሰረ። «ቡሎኑን ሳያጠብቅ ሰው ገደለ» ተባለ። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ኢንስፔክተር ስንዱን ግን ነገሩ አልዋጥ አላት። ዓርብ ጠዋት ዋኘውን ከእስር ክፍሉ አስወጥታ፣ ከገደሉ ተጎትታ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ወደቆመችው ማኪና ወሰደችው። ጉሙ ገና አልተነሣም። ማኪናዋ በአንድ ጎኗ አዘንብላ፣ የሆነ ነገር የምታደምጥ ትመስላለች።

«ጎማው የነበረበትን እየው። ምን ይታይሃል?»

ዋኘው ጎንበስ ብሎ ጣቱን አስገባ። «አምስቱ ቀዳዳ ጥርሱ ደኅና ነው። ስድስተኛው ውስጥ የተበጠሰ ቡሎን ቀርቷል። አንገቱ እንደ ጧፍ ተጠማዟል። ይህ በመላላት አይደለም፤ ከልኩ በላይ ሲጠብቅ ነው።»

«አንተው አጥብቀኸው ይሆናላ።»

«ምነው! የእኔ መፍቻ ልኩ ሲደርስ ቀጭ ይላል። አብዮትም እንዲሁ ዓይነት ነበረው። ከዚያ ወዲያ የሚበጥሰው ጉልበት እንዲጨምርለት መፍቻው እጀታ ላይ ቧንቧ ሰክቶ የሚታገል ሰው ነው።»

ስንዱ መፍቻ አንሥታ የግራው የኋላ ጎማ ቡሎን ላይ ሰካችና ልትፈታው ወደ ግራ ተጫነች።

«ኧረ ተይው፣ ትበጥሽዋለሽ!» ዋኘው ከታሰረ ወዲህ ገና አሁን ሳቀ። «ማጥበቅሽ እኮ ነው! የዚች አሮጊት ግራ ጎኗ ከሌላው ማኪና ተቃራኒ ነው፤ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። የማያውቃት ሁሉ ይሳሳታል።»

ስንዱ አልሳቀችም። መፍቻውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረች።

ከሰዓት በኋላ አምባ ጊዮርጊስ ሻይ ከምትሸጠው ከብርቱካን ዘንድ ተቀመጠች።

«አብዮት ጎማ ቀይሮ ከመጣ፣ እዚህ ቡሎኑን ሳይደግም አያልፍም» አለች ብርቱካን። «ሐሙስም ሲያጠብቅ ሰማሁት። ስድስቴ ቀጭ አለና ‹በይ አሁን ሻዩን አምጪ› አለኝ።»

«ሻይ ሲጠጣ ማኪናዋ ዘንድ ማን ነበር?»

«ከአጥሩ ወዲያ ስለሆነች አትታይም። አያ ማሩና ደመቀ ግን ወጣ ገባ ይሉ ነበር።»

«ከአብዮት ጋር የተጣላ ነበር?»

«አያ ማሩ ከማን ይጣላል? ከአህያ ጋር ካልሆነ!» ብርቱካን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አብዮት ግን ሰኞ የምስክርነት ቀጠሮ ነበረው። ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ የምትሸጠውን ሴት ገጭቶ ያመለጠውን ‹ዐይቼዋለሁ› ይል ነበር። ማን እንደሆነ ለእኔ አልነገረኝም።»

ቅዳሜ ጠዋት ስንዱ ዋኘውን፣ አያ ማሩንና ደመቀን ማኪናዋ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ደመቀ፣ የዚችን ማኪና ጎማ ፈትተህ ታውቃለህ?»

«እኔ? እጄን ግራሶ ነክቶት አያውቅም።»

«እውነቱን ነው» አለ አያ ማሩ። «ጎማ ሲተነፍስ እሱ ጥላ ፍለጋ ነው የሚሄድ።»

«ሸጋ። እንግዲያው ከኋላው የግራ ጎማ አንድ ቡሎን ፍታልኝ።»

ደመቀ መፍቻውን ሰካ፤ ትከሻውን ጥሎ ወደ ቀኝ ገፋ። ቡሎኑ ሲጥ ብሎ ላላ። አያ ማሩ በጋቢው አፉን ያዘ።

«አብዮት አምባ ጊዮርጊስ ላይ ስድስቱንም በልካቸው አጥብቋል» አለች ስንዱ። «ስለዚህ ዋኘው ጥፋት የለበትም፤ ያላላቸው ከዚያ በኋላ እዚያ የነበረ ሰው ነው። ያም ሰው መጀመሪያ እንደ እኔ ወደ ግራ ታግሎ አንዱን በጠሰ። አያ ማሩ ዘጠኝ ዓመት የሠራባትን ማኪና አይሳሳትም። ሰውየው ቀጥሎ ወደ ቀኝ ሞከረ፤ ተሳካለት፤ አምስቱን አላላ። አንተ ጎማ ነክተህ የማታውቀው ሰው፣ ዛሬ ምንም ሳታመነታ ወደ ቀኝ ገፋህ። ማን አስተማረህ?»

«ሰው... ሰው ሲፈታ አይቼ ነው።»

«ከጥላው ሥር ሆነህ?» አለ አያ ማሩ።

ደመቀ መፍቻውን ጣለው። «አብዮትን ዝም በል ብዬ ለመንኩት። ለአንዲት ሸክላ ሻጭ ብሎ እኔን ሊያሳስር!»

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ዋኘው ከጣቢያው ወጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ደመቀ እሱ በነበረበት ክፍል ገባ።