ግራ እጅ በኪስ

ጡረተኛው የሬዲዮ አስተማሪ ጀርባው የተከፈተ ሬዲዮ ላይ እንደተደፋ ቀትር ላይ ሞቶ ተገኘ። ሁለቱም መዳፎቹ ተቃጥለዋል። «ኤሌክትሪክ ገደለው» አለ ሰፈሩ፤ ሰፈር መቼም ከሐኪም ይቀድማል።

መርማሪዋ ግን ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት፣ እብቅ የማታሳልፍ ሴት ናት። ማጅራቱን ዳሰሰች፤ አብጧል። መዳፎቹን አገላብጣ አየች፤ በቃጠሎው ዙሪያ ቅላት የለም። ሐኪሙም፣ «መዳፉ ከመቃጠሉ በፊት ሞቷል» አላት። የሥራ ጋዋኑንም አየች፤ የግራ ኪሱ ብቻ አፉ ተለጥጦ ተበልቷል።

በዚያ ጠዋት እዚያ ቤት የገቡት ሟቹ ለነገው የአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም በግል ሬዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር የመነጋገር፣ ፈቃድ ፈተና ለየብቻ የሚያስጠናቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ልብስ ሰፊዋ፣ ፋርማሲስቱና ደላላው። አስተማሪው «ትምህርቱን ጨርሷል» ብሎ ካልፈረመ ፈተና መቀመጥ የለም።

ሰፊዋ ገና ሳትጠየቅ ነደደች።

«አዎ፣ ጮኼበታለሁ! ሁለት ዓመት ሙሉ የሞርስን አጭርና ረጅም የፊደል ምት ባዳመጥኩ ቁጥር ‹ደንቆሮ› ሲለኝ ኖሯል። ግን አልገደልኩትም። ዛሬ ካሰራችሁኝ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ።»

«ፈርሞልሻል?» አለች መርማሪዋ።

«እሱ? ‹ከሰዓት ነይ› ብሎ አባረረኝ እንጂ!»

«ኤሌክትሪኩን ከሁላችን ይበልጥ የምታውቀው እሷ ናት» አለ ፋርማሲስቱ በጎን እያያት። «እኔ የማውቀው ክኒን ነው።»

«ዝም በል፣ ክኒን ቆጣሪ!»

ደላላው ፈገግ ብሎ የተፈረመ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። «እህቴ፣ እኔ አሥራ ሁለቱንም ትምህርት አንድ ሳይቀረኝ ጨርሻለሁ። ጋሼ ዛሬ ጠዋት ፈርሞ፣ መርቆ ሸኘኝ።»

«ጋሼ ሊመርቅ?» ሰፊዋ ከት ብላ ሳቀች።

መርማሪዋ የሬዲዮውን ገመድ ከሶኬት ነቀለች። «ሲጠገን ውስጡ የሚነካው እንዴት ነው? በየተራ አሳዩኝ።»

ሰፊዋ ግራ እጇን ኪሷ ከታ በቀኟ ነካች። ፋርማሲስቱ ግራ እጁን ወደ ኋላው አደረገ። ደላላው በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘው።

«ይኸውልህ» አለችው መርማሪዋ ደላላውን። «‹ግራ እጅ በኪስ› እሱ በሚያስተምርበት ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል። በሁለት እጅ ከነካህ ኤሌክትሪኩ ልብህን አቋርጦ ያልፋል። ሟቹ ኪሱን የጨረሰው በዚህ ልማድ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሁለት መዳፉ አይቃጠልም። ሬሳውን እዚያ ላይ ያስደገፈው ሰው የመጀመሪያውን ትምህርት እንኳ አልተማረም። ታዲያ አንተ ፊርማውን ከየት አመጣኸው?»

የደላላው ፈገግታ ጠፋ።

«ለእጮኛዬ አባት ፈቃድ አለኝ ብዬ ነበር» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ፈርምልኝ ብዬ ብለምነው ሳቀብኝ። ገፋሁት፤ ማጅራቱ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አረፈ። ፊርማውን እኔ ነኝ ያስመሰልኩት።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ሰፊዋ «እኔስ? አሁን ማን ይፈርምልኛል?» አለች።

መርማሪዋ ከመሳቢያው ያገኘቻቸውን ሁለት ወረቀቶች ዘረጋች፤ የፋርማሲስቱና የሰፊዋ ናቸው፤ ከተፈረሙ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። በሰፊዋ ወረቀት ግርጌ «ጆሮዋ ከእኔ ይበልጣል። እንዳይነገራት፤ ትሰንፋለች» ተብሎ ተጽፏል።

ሰፊዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ባዶው ወንበር ዞራ፣ «አንተ ክፉ ሽማግሌ! በቁምህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ብላ ጮኸችበት።