የረጅሙ ሰንሰለት ስም

የምነግራችሁ አንድ ቃል ያልጨመርኩበት እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ታክሲዬ ቤይ ብሪጅ ድልድይ መሐል ላይ ትቁም!

የጓደኛዬ የሓጎስ ልጅ ደላይት የኬሚስትሪ ፈተናዋን ወረቀት ጨብጣ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ክፍሉ ውስጥ ሦስት መቶ ተማሪ ነበር፤ መስኮት ላይ የተንጠለጠለውን ሳልቆጥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥያቄው የአንድ የካርቦን ውህድ ሥዕል አሳይቶ «ስሙን ጻፉ» ይላል። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፦ ዋናው ስም የሚወጣው ከረጅሙ የካርቦን ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ ታጠፈ አልታጠፈ ለውጥ የለውም። ደላይት እጥፋቱን ተከትላ አምስት ካርቦን ቆጠረችና «3-ሜታይልፔንቴን» ብላ ጻፈች። መምህሯ ሚስተር ኮልማን ግን ቀጥ ብለው የተሰለፉትን አራቱን ብቻ አይቶ «2-ኢታይልቢዩቴን ነው» በማለት ኤክስ አደረገባት። በዚያች ኤክስ ምክንያት ከኦነርስ፣ ከጎበዞቹ ክፍል ልትወርድ ነው።

«ሓጎስ፣ ቁጭ በይ!» አላት ሚስተር ኮልማን።

«ሓጎስ አባቴ ነው! ዓመቱን ሙሉ በአባቴ ስም ስትጠራኝ ዝም አልኩ። የዚህን ውህድ ስም ስታበላሸው ግን ዝም አልልም!»

«ኡኡ! ንገሪው!» አሉ ከኋላ የተቀመጡት።

ማርከሩን ከእጁ ነጥቃ ሰሌዳው ላይ ሣለችው። «አንድ! ሁለት! ሦስት! አራት! ይቺስ? ይቺን ለማን ልትተዋት ነው?» ድምጿ ባሕሩን ተሻግሮ አላሜዳ ድረስ ተሰማ። ዳይሬክተሯ እየሮጠች መጣች። ኮልማን ላብ በላብ ሆነ፤ ኤክሱን በገዛ እጁ ሰርዞ...

እዚህ ላይ ስደርስ አፕታውን ሰፈር ያለው የሓጎስ ምግብ ቤት በጭብጨባ ተናወጠ። ደላይት ከጎኔ ሆና ቀስ ብላ፣

«ጋሼ ጋሻው፣ እኔ እኮ አልተነሳሁም» አለች።

«እንዴት አልተነሳሽም?»

«ናቲንግ አላልኩም። ወረቀቴን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ኤክሱ አሁንም አለ።»

ጭብጨባው ቀዘቀዘ። እኔም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የምጨምረው ጠፋኝ።

ደላይት የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጯ ዘጋች።

«ሚስተር ኮልማን አፍተር ስኩል ትንሽ ይቆያል» አለች። «ትምህርት ቤት ድሮፕ ያደርጉኛል?»